ሦስት መቶ ሰማንያ አራት
ስለ ናሙና ጥናቶቻችን የቀረበ ሒስ

በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ በኮሌጆቻችን የሚቀርቡትን የመመረቂያ ጥናቶች ያገላበጠ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር ሳያገኝ አይቀርም። ጥናቱ በአሰላ ከተማ ስለሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች ቢሆን፥ በዲገሉና ጢጆ ስለ ገብስ ገበሬዎች ቢሆን፥ ወይም በበቆጂ ስለ ተማሪዎች የዓይን ጤና ቢሆን፥ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «የናሙናው መጠን» ከሚለው ርእስ ሥር 384 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያም «መልስ ለማይሰጡ ሰዎች» ተብሎ ከመቶ 10 ይጨመርበትና 422 ይሆናል፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ግን ቁራጩን ወደ ላይ ስለሚያነሣው 423 ይለዋል። በጥናቶቻችን መካከል ከሚታየው የአሠራር ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ይህ የአንድ ሰው ልዩነት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ቁጥሩ ራሱ በደል የለበትም። በደሉ ያለው ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ሌላው ጥያቄ ሁሉ እንደ ተመለሰ አድርገን በመቁጠራችን ላይ ነው። ፈታኙ «ናሙናው ስንት ነው?» ሲል ይጠይቃል፤ ተማሪው «422» ብሎ ይመልሳል፤ ሰዎቹ ከየት እንደ መጡና እንዴት እንደ ተመረጡ ግን ሳይነሣ ገጹ ይገለበጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ማንንም ጸሐፊ በስሙ አንጠራም፤ ልማዱ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ኮሌጅ አይደለምና። ዓመታቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

በመጀመሪያ ቁጥሩ የሚወለድበትን መንገድ እንመልከት። በአንድ ሕዝብ መካከል አንድ ጠባይ ያላቸው ሰዎች ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ብንፈልግና ሁሉን መቁጠር ባይቻለን፥ ጥቂቶችን በዕጣ አውጥተን እንቆጥራለን። ዕጣው ተደጋግሞ ቢወጣ በየጊዜው የሚገኘው ድርሻ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። እነዚህ ልዩ ልዩ መልሶች ተሰብስበው በሥዕል ቢቀመጡ መካከሉ ከፍ ያለ፥ ግራና ቀኙ እየሳሳ የሚወርድ የደወል መልክ ይሠራሉ። ይህን በ1733 ያሳየው በእንግሊዝ አገር በስደት ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ደ ሟቭር ሲሆን፥ ዛሬ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን የምንለው ሥርጭት ይኸው ነው። ከደወሉ መካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ 1.96 መደበኛ ስሕተት ያህል ብንሔድ ከመልሶቹ ከመቶ 95ቱን እናቅፋለን። እንግዲህ 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.8416 ይሆናል፤ ድርሻው አስቀድሞ ስለማይታወቅ ግማሽ በግማሽ ነው ብለን 0.5ን በ0.5 እናባዛለን፤ የስሕተቱ ወሰን ከመቶ 5 ይሁን ብለን ደግሞ በ0.0025 እናካፍላለን። የሚወጣው 384.16 ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሕዝቡ ብዛት የለበትም። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ አሰላ 67,269 ሰው ነበራት፤ የአርሲ ዞን በጠቅላላው 2,637,657 ሰው ነበረው። ለከተማይቱም ለዞኑም የሚያስፈልገው ናሙና ያው 384 ያህል ነው፤ ለአሰላ ብቻ ብናርመው የሚቀነሰው ሁለት ሰው ነው። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለዋል፤ ሆኖም ትክክል ነው፤ የናሙና ጥናት ድኻ አገር የሚችለው መሣሪያ የሆነውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ጠላት የሚያዩትን ሰዎች አንደግፍም።

ነገር ግን ደወሉ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በዕጣ ሲወጣ ነው። በኢተያ ገበያ ስንዴ የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው አፍ አንድ ጭብጥ ዘግኖ ዋጋ አይቆርጥም፤ ሻጩ ጥሩውን ከላይ፥ እንክርዳዱን ከታች ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃልና እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል። የእኛ አጥኚ ግን ብዙ ጊዜ ከወረዳው ቀበሌዎች ስምንቱን ይመርጥና ከእያንዳንዱ 48 ሰው ይጠይቃል፤ ስምንቱም በአብዛኛው መኪና የሚገባባቸው ናቸው። ድምሩ 384 ስለ ሆነ የስሕተቱም ወሰን ከመቶ 5 ነው ይላል።

የአርሲ ደጋ መልክዐ ምድር ይህን አነጋገር ይቃወመዋል። ከጭላሎ ተራራ ጥግ ተነሥቶ ወደ ዶዶታ የሚወርድ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከገብስ አገር ወደ ስንዴ አገር፥ ከስንዴው አገር ደግሞ ዝናብ ወደሚያጥረው ቆላ ይደርሳል። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፥ በአንድ ገበያ ይውላሉ፥ ልጆቻቸውን ወደ አንድ ጤና ኬላ ይወስዳሉ። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ አርባ ስምንተኛውን ሰው ስንጠይቅ አርባ ሰባቱ ያልነገሩን ነገር የሚጨምርልን ጥቂት ነው።

ይህ መመሳሰል በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ሌስሊ ኪሽ የተባለው በሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረ ሊቅ በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስፋፋው፥ የጎረቤታሞች መመሳሰል 0.05 ነው ብንል፥ ከአንድ ቀበሌ ከተወሰዱት 48 ሰዎች አንዱን ቀንሰን 47ን በ0.05 እናባዛና 1 እንጨምርበታለን፤ 3.35 ይሆናል። ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው ይህ ነው። 384ን በ3.35 ስናካፍለው 115 ያህል ይቀራል። ማለት አጥኚው የደከመው ለ384 ሰው ሲሆን ያገኘው ዕውቀት በዕጣ ከወጡ 115 ሰዎች የሚገኘው ነው። ድርሻው ከመቶ 38 ሆኖ ቢገኝ የስሕተቱ ወሰን እርሱ እንደሚጽፈው ከመቶ 4.9 መሆኑ ቀርቶ ከመቶ 8.9 ይሆናል። ያንኑ 384 ሰው በ32 ቦታ ከፋፍሎ ከእያንዳንዱ 12 ቢወስድ ኖሮ ወሰኑ ወደ ከመቶ 6 ይወርድ ነበር። የሚጨምርበት የመኪና ኪራይና የእግር ጉዞ ነው፤ ይህም ቀላል ወጪ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ወጪው የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

አንዳንድ ጥናቶች ይህን ሰምተው 384ን በ1.5 ወይም በ2 ያባዛሉ። ለምን 1.5 እንደ ሆነ፥ ለምን 2 እንደ ሆነ ግን አይነገርም፤ ቀድሞ የጻፈው እንዲሁ ስላደረገ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ነው። በሁለት ካባዙ በኋላም ውጤቱን ሲተነትኑ ናሙናው አንድ በአንድ በዕጣ እንደ ወጣ አድርገው ያሰሉታል፤ ያን ጊዜ ማባዛቱ ወረቀት ላይ ብቻ የተደረገ ሥርዐት ሆኖ ይቀራል።

ለማነጻጸር ያህል በዚሁ በኦሮምያ የተሠራ አንድ ሥራ እናንሣ። ትራኮማ የአርሲ ገበሬ በሚገባ የሚያውቀው የዓይን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር። ይህ ግን የአገሪቱ አማካይ ስለ ሆነ የትኛው ወረዳ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው አይናገርም። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በብዙ አገሮች የተካሔደው የትራኮማ ካርታ ሥራ ከጀመረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ኦሮምያ ሲሆን፥ 252 ወረዳዎች በ79 የጥናት ክልሎች ተከፋፍለው ተመርምረዋል።

የዚያ ሥራ የናሙና ስሌት ለእኛ የሚያስገርም ነው። የሚጠበቀው ድርሻ ከመቶ 10፥ የስሕተቱ ወሰን ከመቶ 3 ተባለ። 3.8416ን በ0.1ና በ0.9 አባዝተን በ0.0009 ብናካፍለው የሚወጣው እንደ ገና 384.16 ነው። ያው የእኛው ቁጥር! ነገር ግን እነዚያ ሰዎች እዚያ ላይ አላቆሙም። ትራኮማ በቤተሰብና በመንደር ተከማችቶ የሚገኝ በሽታ መሆኑ ከቀድሞ ጥናቶች ስለ ታወቀ 384ን በ2.65 አበዙት፤ 1,019 ልጆች ሆነ፤ በዚያ ላይ ለማይገኙት ሌላ አንድ አምስተኛ ጨመሩ። የመተማመኛ ወሰኑንም ሲያወጡ ደወሉን እንዳለ አልተጠቀሙበትም፤ የየመንደሩን ውጤት ደጋግመው በዕጣ እያወጡ አሰሉት። ሁለቱ 384ዎች በመልክ አንድ ናቸው፤ አንደኛው ግን የስሌቱ መነሻ፥ ሌላው መድረሻ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረም። በወቅቱ በተያዘው ደንብ ከልጆቹ መካከል ንቁ ትራኮማ ያለባቸው ከመቶ 10 ከደረሱ ወረዳው ቢያንስ ለሦስት ዓመት የጅምላ መድኃኒት ዕደላ ይገባዋል፤ ከመቶ 5 እስከ 10 ከሆኑ አንድ ዙር ይበቃል፤ ከመቶ 5 በታች ከሆኑ ዕደላ አያስፈልግም። እንግዲህ በሽታው እንዲህ ተከማችቶ ሳለ 384 ልጆችን ብቻ አይተን ከመቶ 10 ብናገኝ፥ እውነተኛው ድርሻ ከመቶ 5 እስከ ከመቶ 15 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ስለ አንድ ወረዳ ልጆች ዓይን የሚወስን ሹም በዕጣ ቢወስን ብዙ አይለይም።

ሌላው ሕመም የደወሉ ጫፍ ነው። ድርሻው ወደ ግማሽ ሲጠጋ ኖርማል ዲስትሪቢዩሽን በጣም ታማኝ ነው፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን ይከዳል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ። በአንድ ወረዳ 384 ሰው ብንመረምርና ድርሻው ይኸው ቢሆን የምናገኘው ሦስት ወይም አራት ሰው ነው። ሦስት ሰው ተገኘ እንበል። በመማሪያ መጽሐፋችን ስሌት ወሰኑ ከመቶ 1.7 ይጀምርና ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች የሆነ ሕመምተኛ ደግሞ የለም፤ ሦስቱን ሰዎች በዓይናችን አይተናቸዋል። አንድም ሰው ባይገኝ ነገሩ ይብሳል፤ ወሰኑ ዜሮ ሲደመርና ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል፤ ይህም በወረዳው በሽታው ፈጽሞ የለም ብሎ ከመማል ይቆጠራል። አሜሪካዊው ኤድዊን ዊልሰን ይህን የሚያርም ስሌት በ1927 አሳትሟል፤ በእርሱ መንገድ ከ384 ሦስት ሲገኝ ወሰኑ ከመቶ 0.3 እስከ ከመቶ 2.3 ይሆናል። ከሞላ ጎደል አንድ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ኮምፒዩተሮቻችንም ሁሉ ያውቁታል። መምህራኖቻችን ለምን እንደማያስተምሩት ልንረዳው አልቻልንም።

ደወሉ በሌላም መንገድ ድርሻ ለመገመት ያገለግላል፤ ይኸውም በልጆች ቁመት ጥናት ነው። የአንድ ልጅ ቁመት ከዕድሜ እኩዮቹ መካከለኛ ቁመት ከሁለት መደበኛ ልይይት በላይ ቢያንስ መቀንጨር ይባላል። በደኅና ባደጉ ልጆች መካከልም ከመቶ 2.3 ያህሉ ከዚህ በታች መሆናቸው የታወቀ ነው። በ2016 በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ከመቶ 38፥ በኦሮምያ ከመቶ 37 ልጆች ቀንጭረው ተገኙ። እዚህ ላይ በቅድሚያ አንድ ነገር እንበል፦ ይህ የኦሮምያ ቁጥር ነው። ያ ጥናት በአገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎች ላይ የተሠራና ለክልሎች መልስ እንዲሰጥ የታቀደ እንጂ ስለ አርሲ ዞን ለብቻው የሚናገረው የለም፤ «በአርሲ ከመቶ 37» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ጥናቱ ያላለውን ያስብሉታል።

ወደ ቁመቱ እንመለስ። የአንድ መንደር ልጆች አማካይ ከዜሮ በታች 1.5፥ መደበኛ ልይይታቸው 1 ነው እንበል። በደወሉ መሠረት ከመቶ 31ዱ ቀንጭረዋል፤ ከሦስት ልይይት በታች የሆኑት፥ ማለት ክፉኛ የቀነጨሩት፥ ከመቶ 7 ያህል ናቸው። አሁን መለኪያው እንጨት ዘንበል ያለ፥ ልጁም የሚንፈራገጥ፥ እናቲቱም የልደቱን ቀን በመስቀል ሰሞን ወይም በአዝመራ ጊዜ እያለች የምታስታውስ ይሁን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ስለሚሆን አማካዩ አይለወጥም፤ ልይይቱ ግን ይሰፋል። 1.5 ቢደርስ የቀነጨሩት ከመቶ 37 ይሆናሉ፤ ክፉኛ የቀነጨሩት ደግሞ ከመቶ 7 ወደ ከመቶ 16 ይዘላሉ። አንድ ልጅ እንኳ ሳይራብ በመለኪያ ጉድለት ብቻ የረኀቡ መጠን ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1995 ባወጣው ሪፖርት የቁመት ልይይት ከ1.1 እስከ 1.3 መካከል እንዲጠበቅ፥ ከዚያ ካለፈ መረጃው እንዲጠረጠር አሳስቧል። በእኛ ጥናቶች ልይይቱን የሚያትም ሰው ጥቂት ነው። የሚታተመው ድርሻው ብቻ ነው።

መሬትን በደወል የሚለኩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። የገበሬዎቹ አማካይ መሬት 1.5 ሔክታር፥ ልይይቱ 1.2 ቢሆን ደወሉ ከገበሬዎቹ ከመቶ 11 ያህሉ ከዜሮ በታች የሆነ መሬት እንዳላቸው ይነግረናል። ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ናሙናው ውስጥ ስላልገቡት ሰዎች። ጭላሎ ለጥናት አዲስ አገር አይደለችም። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሲቋቋም፥ ገበሬውን በናሙና መጠየቅ ከሥራው አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ትራክተር መግዛት የቻሉ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ ማስለቀቅ ጀመሩ፤ የድርጅቱ ባለሙያ ሄኖክ ክፍሌም በ1972 ስለዚሁ የመኪና እርሻና በገበሬው ላይ ስላስከተለው ለውጥ ጥናት አውጥቷል። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 አባወራዎች 400 ጭሰኞች በሚኖሩበት ቦታ 150 ጭሰኞች ተነሥተው ቢሔዱ፥ ከቀሩት 850 መካከል ጭሰኞች 250 ናቸው። ከመቶ 40 የነበረው የጭሰኞች ድርሻ ከመቶ 29 ሆነ። በሁለቱም ጊዜ ናሙናው በትክክል በዕጣ ቢወጣ፥ ስሌቱም እንከን ባይኖረው፥ ሪፖርቱን የሚያነብ እንግዳ ጭሰኝነት እየቀነሰ መሔዱን አይቶ ደስ ሊለው ይችላል። ደወሉ ስለሔዱት 150 ቤተሰቦች አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ዛሬ ጭሰኛ የለም፤ ዝግ በር ግን አለ። ወጣቱ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ፥ ልጃገረዷ ወደ ዐረብ አገር ሔዳለች፤ በአጨዳ ሰሞን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። መረጃ ሰብሳቢው በሩ ዝግ ሆኖ ሲያገኘው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል፤ በዚያም ያሉት ሽማግሌና አሮጊት በትሕትና ይመልሱለታል። ከመቶ 10 ተብላ የምትጨመረው ቁጥር የምትጠቅመው ለዚህ ነው፤ 38ቱን ቅጾች ትሞላለች። ያልተገኙት ሰዎች ከተገኙት የሚለዩበትን ነገር ግን አትነግረንም፤ ጥናቱ ስለ ሥራ አጥነት ወይም ስለ ስደት ከሆነ ደግሞ የምንፈልጋቸው ሰዎች በትክክል እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት ተመራቂዎችና ለአማካሪዎቻቸው የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከ384 ቀጥሎ አንድ ሠንጠረዥ ይግባ፤ ቀበሌዎቹ በስማቸው፥ በእያንዳንዱ ስንት ቤት እንደ ተንኳኳ፥ ስንቱ ዝግ እንደ ነበረ፥ ስንቱ እንቢ እንዳለ፥ ከመለሱትም ውስጥ ስንቱ «አዎን» እንዳለ ይጻፍበት። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። የየቀበሌው ቁጥር ካለ ማንኛውም አንባቢ የጎረቤታሞቹን መመሳሰል ራሱ አስልቶ ወሰኑን ሊያርም ይችላል፤ ከሌለ ግን ያ ሁሉ የእግር መንገድ የተከፈለበት መረጃ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።